የኢያሪኮን ግንብ አውቆ የአገሩን ግንብ ያላወቀው ልጅ

በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባልና ሚስት የሚስትየዋን አያት ቤት ሲያጸዱ ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ከባድ የብረት ዕቃ አገኙ። ታይፕራይተር ይመስላል፤ ቁልፎቹ ላይ ግን የቻይንኛ ጽሑፍ ነው ያለው። ባልየው ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈና ዋጋ ያወጣ እንደሆነ ጠየቀ። እንደ ማናችንም።

ኮሜንቱ ጎረፈ። ዕቃው ለአሥርት ዓመታት ጠፍቷል የተባለ፣ በዓለም ላይ ከአንድ በላይ ያልተሠራ ማሽን ነበር። የሠራው ሰው ደግሞ መሐንዲስ አይደለም፤ ደራሲ ነው። ሊን ዩታንግ ይባላል።

እኛ ይህን ሰው የወደድነው በማሽኑ አይደለም። የዚህ ገጽ ሥራ ግማሹ ትርጉም ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንመልስ ስንት ጊዜ እንደተሳሳትን እናንተም ታውቃላችሁ፣ ኮሜንት ላይ ነግራችሁናል። ሊን ዩታንግ ዕድሜውን በሙሉ የተጣላው ከዚሁ ችግር ጋር ነው፦ አንድ ሕዝብ በገዛ ፈሊጡ የተናገረውን ሌላው ሕዝብ ሳይስቅበትና ሳይደናገር እንዲረዳው ማድረግ። ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ።

እስኪ መጀመሪያ ችግሩን በራሳችን ቋንቋ እንየው። አንዷ ጓደኛዋን “ሆድ ባሰኝ” አለቻት እንበል። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብትመልሱት ፈረንጁ የሆድ ሐኪም ነው የሚያፈላልግላት። “ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ” የሚለውንማ እርሱት፤ ጆሮ ዳባ ለብሶ ምን እንደሚመስል ማን ያስረዳዋል? ቻይንኛ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፈሊጥ በሺዎች አለው። ቼንግዩ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ አራት ፊደል ብቻ ነው፤ በአራቱ ፊደል ውስጥ ግን አንድ ሙሉ ተረት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ለምሳሌ “እባብ ስሎ እግር መጨመር” የሚል አለ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሰዎች አንድ ዋንጫ መጠጥ ቀረበላቸው፤ ለሁሉም አይበቃም። መሬት ላይ ቀድሞ እባብ ስሎ የጨረሰ ይጠጣው ተባባሉ። አንዱ ቀድሞ ጨረሰ፤ ጊዜ ስለተረፈው እባቡን እግር ቀጠለለት። ሌላው ደርሶ እባብ እግር የለውም ብሎ ዋንጫውን ነጠቀው። በቃ። ቻይናዊው አራቱን ፊደል ሲሰማ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣለታል። እንግሊዛዊው ሲሰማ የሚመጣለት እግር ያለው እባብ ብቻ ነው።

“ለላም በገና መደርደር” የሚልም አለ። እኛ ቶሎ ይገባናል፤ አህያ ማር አይጥማት ብለን አድገን የለ? እንግሊዞችም በእሪያ ፊት ስለተጣለ ዕንቁ የሚናገረውን የወንጌል ቃል በዚሁ ቦታ ይጠቀሙበታል። ታዲያ ተርጓሚው ምን ያድርግ? ላሟን በአሳማ ይለውጣት? ከለወጣት ቻይና ከጽሑፉ ትወጣለች። ካልለወጣት ደግሞ አንባቢው ዳር ላይ ይቀራል። የሊን ዩታንግ የሕይወት ታሪክ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

የተወለደው ኦክቶበር 10 ቀን 1895 በደቡብ ቻይና፣ ፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ በተራራ የተከበበች ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነበሩ። ድሃ፣ ግን ሕልመኛ። ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ተምረው ትልቅ ቦታ እንዲደርሱ ይመኙ ነበር፤ ልጆች ሲባል ግን በተለይ ወንዶቹን ነው።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሳት የማናልፋት ሰው አለች፤ እህቱ ሜይጎንግ። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ኮሌጅ መግባት ፈለገች፤ ቤተሰቡ ግን ለሴት ልጅ የሚከፍለው ገንዘብ የለኝም አለ። ሳትወድ ልትዳር ሆነ። እሱ ሻንጋይ ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድና እሷ ስትዳር ጊዜው አንድ ሆነ። በሠርጓ ቀን ማለዳ ከኪሷ 40 ሳንቲም አውጥታ ሰጠችው፤ ከዚያ በላይ አልነበራትም። እሷ ያላገኘችውን ዕድል እሱ አግኝቷልና እንዳያባክነው፣ ጥሩ ሰውና የታወቀ ሰው እንዲሆን ለመነችው። በዓመቱ ለእረፍት ሲመለስ ሜይጎንግ የለችም። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ቸነፈር ገደላት። ሊን ዩታንግ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በጻፈው ትዝታው ላይ እንኳ ያንን 40 ሳንቲም አልረሳውም።

ዩኒቨርሲቲው የሚሲዮናውያን ነው፤ እንግሊዝኛ ላይ የሚወዳደረው አልነበረም። ሊንም እንግሊዝኛውን ጠጣው። ቻይንኛው ግን ተረሳ። በ1916 ተመርቆ ቤጂንግ፣ ቺንግኋ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ሲቀጠር ነው ጉዱ የወጣው። ዙሪያውን ያሉት ሰዎች በተረትና በፈሊጥ ያወራሉ፤ እሱ ግማሹ አይገባውም።

ከሁሉ ያቆሰለችው አንዲት ተረት ነበረች። ሜንግ ጂያንግ የምትባል ሴት ባሏ ታላቁን ግንብ ለመሥራት በግዳጅ ተወስዶ እዚያው ሞተ፤ ግንቡ ሥር ቆማ ስታለቅስ በእንባዋ ብዛት ግንቡ ተናደ፣ አጥንቱም ተገኘ። በቻይና ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ሊን ዩታንግ አያውቃትም ነበር! እሱ የሚያውቀው ኢያሱ በቀንደ መለከት ድምፅ የኢያሪኮን ግንብ እንዴት እንደጣለ ነው። የሌላውን ሕዝብ ግንብ አወዳደቅ በቃሉ ይወጣዋል፣ የራሱን አልሰማም። ተናደደ፤ አፈረም።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲያፍር ይደብቀዋል። እሱ ግን ቤጂንግ ውስጥ ሊውሊቻንግ ወደሚባለው የአሮጌ መጻሕፍት ሰፈር መመላለስ ጀመረ። የመጽሐፍ ነጋዴዎቹን በወሬ እያጠመደ የቱ መጽሐፍ ጥሩ እንደሆነ ይሰማል፤ በቀጥታ ቢጠይቅ እኮ አስተማሪ ሆኖ አለማወቁ ይታወቅበታል። የቤጂንጎችን አነጋገር ለመልመድ ደግሞ “የቀይ ሰገነት ሕልም” የሚባለውን ታላቅ ልቦለድ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ይዞ ተቀመጠ፤ እዚያ ውስጥ ያሉ ሠራተኞችና እመቤቶች ሲሳደቡና ሲያሽሟጥጡ የሚናገሩትን ፈሊጥ አንድ በአንድ ለቀመ።

እንደኛ ግምት ሊን ዩታንግን ተርጓሚ ያደረገው ይሄ ነው። የራሱን አገር ፈሊጥ በጡት አልጠባውም፤ እንደ እንግዳ ደጅ ጠንቶ ነው የገባበት። ስለዚህ ደጅ የቆመ ሰው ምን እንደማይገባው ያውቃል።

ስለ ፍቅሩ ባጭሩ እንንገራችሁ። አንዲት የሀብታም ልጅ ወደደ፤ አባቷ እምቢ አሉና የጎረቤታቸውን ልጅ ጠቆሙት። በ1919 ያቺን ጎረቤት፣ ልያዎ ትሱይፌንግን አገባ። ከሠርጉ በኋላ የጋብቻ ወረቀቱን አቃጠለው፤ ወረቀቱ የሚፈለገው ለፍቺ ብቻ ነው በሚል። ትዳሩ እስኪሞት ድረስ ቆየ። በዚያው ዓመት ሁለቱም ወደ አሜሪካ ሄደው ሃርቫርድ ገባ፤ ገንዘብ ሲያልቅ ፈረንሳይ ወርዶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጉልበት ሥራ የመጡ ቻይናውያንን ማንበብና መጻፍ አስተማረ። በ1923 ከጀርመኑ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ጥናት ዶክትሬቱን ይዞ አገሩ ተመለሰ።

ተመልሶ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ ዛሬም በእያንዳንዱ ቻይናዊ አፍ ላይ አለ። እንግሊዞች ሂዩመር የሚሉት ነገር፣ ማለትም ሰውን ሳያዋርድ ፈገግ የሚያሰኘው ለስላሳ ቀልድ፣ በቻይንኛ ልክ የሚሆን ቃል አልነበረውም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ አሰበ። በ1924 “ዮውሞ” የሚል ቃል አቀረበ። ድምፁ ከእንግሊዝኛው ጋር ይቀራረባል፤ ፊደሎቹ ለየብቻ ሲነበቡ ግን ድብቅነትና ዝምታን ያመለክታሉ። የሰምና ወርቅ አገር ሰዎች ነን፤ ይሄን ማድነቅ አያቅተንም።

በ1932 ሻንጋይ ውስጥ የቀልድ መጽሔት ሲጀምር “የዮውሞ ሊቅ” የሚል ቅጽል ወጣለት። ሁሉም አልሳቀም። ታላቁ ደራሲ ሉ ሹን ጓደኛው ነበር፤ ጃፓን አገሪቱን እየቆረሰች ባለችበት ሰዓት ለስላሳ ቀልድ ማከፋፈል ምን የሚሉት ነው ብሎ ሰላ ያለ ትችት ጻፈበት፣ ወዳጅነታቸውም ተበጠሰ። እውነቱን ለመናገር ሉ ሹን የለየለት ስህተት ነበር ማለት ይከብደናል።

በ1933 ስለ ትርጉም የጻፈው ድርሰት ለዛሬ ጉዳያችን ዋናው ነው። ሐሳቡ በእኛ አባባል ይህ ነው፦ ቃል ለብቻው ተነጥሎ ሕይወት የለውም፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ተርጓሚ ቃል እየቆጠረ መተካት የለበትም። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ይዋጠው፣ ሰውየው ምን ሊል እንደፈለገ ይግባው፣ ከዚያ የሚተረጉምበት ቋንቋ ተናጋሪ ያንኑ ሐሳብ በተፈጥሮው እንዴት እንደሚለው አስቦ እንደ አዲስ ይጻፈው። ሦስት ዕዳም አለበት ይላል፦ ለደራሲው ዕዳ፣ ለአንባቢው ዕዳ፣ ለጥበቡ ዕዳ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እንከፍልና ሁለተኛውን እንረሳለን፤ ወይ ደግሞ ተቃራኒውን።

ወሬ ብቻ እንዳልሆነ የታየው በ1935 ነው። የኖቤል ተሸላሚ ለመሆን ገና ሦስት ዓመት የቀራት አሜሪካዊቷ ደራሲ ፐርል በክ እና አሳታሚ ባሏ ሪቻርድ ዎልሽ አበረታቱትና “አገሬና ሕዝቤ” የሚለውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አወጣ። እዚያ ውስጥ ቻይናን የሚገዟት ሦስት ኃያላን ሴቶች ናቸው ብሎ ሦስት የቻይና ጽንሰ ሐሳቦችን ያስተዋውቃል፦ ፌስ፣ ፌት፣ ፌቨር። ፊት፣ ዕጣ፣ ውለታ። ሦስቱም የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ ድምፅ እንደሚጀምሩ ልብ በሉ። ቻይንኛው እንደዚያ ቤት አይመታም፤ እንግሊዛዊው ጆሮ ግን እንዲህ ቤት ሲመታለት አይረሳውም።

“ፊት” የሚለውን ተመልከቱ። በቻይና ሰው ፊት ያገኛል፣ ፊት ያጣል፣ ፊት ይሰጣል። ሊን “ክብር” ብሎ ሊገላገለው ይችል ነበር። አላደረገውም፤ ክብር አይደለማ! ፊት ሰዎች የሚሰጡህ ነገር ነው፤ ግብዣቸውን እምቢ ስትል የምትቀማቸው ነገር ነው። ስለዚህ ፊትን ፊት ብሎ ተወውና በገጾች ሙሉ ምሳሌ አስረዳው። እኛ ዘንድም እኮ ፊት ይሰጣል፣ ፊት ይነሳል። ግን ጠንቀቅ፤ እኛ ልጁን “ፊት ሰጠው” ስንል አሞላቀቀው ማለታችን ነው፣ ቻይናዊው ግን ሰው ፊት አከበረው ማለቱ ነው። አንድ ቃል ቢሆንም አገሩ ሲለወጥ ነገሩም ይለወጣል።

በዚያው ዓመት ሼን ፉ የተባለ ያልታወቀ የጥንት ጸሐፊ ከሚስቱ ጋር ስላሳለፈው ኑሮ የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ ተረጎመ፤ ከአሥር ጊዜ ያላነሰ አርሞታል ይባላል። ርዕሱ ውስጥ ሕይወት ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ነገር ናት የሚል የቆየ ቻይናዊ ፈሊጥ አለ። በእንግሊዝኛም “ተንሳፋፊ” ብሎ እንዳለ አስቀመጠው። ለምን አልቀየረውም? ሥዕሉ ማንም አገር ውስጥ ይታያላ። ውሃ የሌለበት የት አለ? እኛ ከሥራዎቹ ያነበብነው ሕግ ይሄ ነው፦ ሥዕሉ በራሱ የሚራመድ ከሆነ ተወው፣ ካልተራመደ ጥለኸው ነገሩን ያዝ።

“አገሬና ሕዝቤ” አሜሪካ ውስጥ ደጋግሞ ታተመ። አገር ቤት ግን ቀልደኞች ርዕሱን ይዘው ተነሱበት። “የእኔ” የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል “ማይ” ሲባል፣ በቻይንኛ “መሸጥ” ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ መጽሐፉ “አገሬንና ሕዝቤን መሸጥ” ተባለ። ፈሊጥ ሲተረጉም የኖረን ሰው በፈሊጥ መቱት።

በ1936 ከሚስቱና ከሦስት ሴት ልጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1937 ስለ ተረጋጋ ኑሮ የጻፈው መጽሐፍ ከ“አገሬና ሕዝቤ” ይበልጥ ተሸጠ፤ ልቦለድ ጻፈ፣ ኮንፊሺየስን ተረጎመ። ለኖቤል ሽልማት በ1940 እና በ1950 ታጨ፤ አላገኘም። ሀብታም ሆነ። ሀብቱ ግን አልበረከተም፤ ምክንያቱ ያ ምድር ቤት የተገኘው ማሽን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይንኛ በሺዎች የሚቆጠር ፊደል አለው። በዚያን ጊዜ የነበረው የቻይንኛ ታይፕራይተር ፊደሎቹ የተደረደሩበት ትልቅ ትሪ ነበር፤ ጸሐፊዋ እያንዳንዱን ፊደል በዓይኗ ፈልጋ ታነሳለች። ሊን 72 ቁልፍ ብቻ ያለው ማሽን አሰበ። የፊደሉን የላይኛውን ክፍል የሚወክል ቁልፍ ትጫናለህ፣ ከዚያ የታችኛውን፤ ማሽኑ “አስማተኛ ዓይን” በተባለች ትንሽ መስኮት እስከ ስምንት የሚደርሱ ፊደሎችን ያሳይሃል፤ የምትፈልገውን በቁጥር ትመርጣለህ። ስልካችሁ ላይ ስትጽፉ ከላይ ምርጫ እየደረደረ የሚያሳያችሁን ነገር አሰባችሁ? ሐሳቡ ያው ነው፤ በ1947፣ በብረት። ስሙን ሚንግኳይ አለው፤ ግልጽና ፈጣን ማለት ነው።

120,000 ዶላር ገደማ አስወጣው። በዚያ ዘመን ገንዘብ! ያለውን ሁሉ አፈሰሰ፤ ተበደረም። እነ ፐርል በክን ብድር ቢጠይቃቸው እንዳልሰጡት ልጁ ሊን ታይዪ በጻፈችው የሕይወት ታሪኩ ላይ አለ። ከዓመታት በኋላ በክፍያ ጉዳይ ጨርሶ ተለያዩ።

ማሽኑን ሬሚንግተን ለተባለው ትልቅ የታይፕራይተር ኩባንያ የሚያሳይበት ቀን ዝናብ ነበር። አባትና ልጅ በእንጨት ሣጥን ተሸክመውት ገቡ። ኃላፊዎቹ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ሊን ስለ ማሽኑ ገለጻ አደረገ፤ ታይዪ ቁልፉን ተጫነች። ምንም። ደግማ ተጫነች። ምንም። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነበር። ማሽኑን ጠቅልለው በዝናብ ወደ ቤት ተመለሱ። መሐንዲስ መጥቶ በመፍቻ ነካ ነካ ሲያደርገው ወዲያው ሠራ፤ ለጋዜጠኞች ሲታይም አላሳፈረም። ግን ቻይና በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደች ነው፤ ማን ይግዛው? መርገንታለር ሊኖታይፕ የሚባል ኩባንያ ሐሳቡን ወሰደው፤ ፋብሪካ ግን አልገባም። አንድዋ ናሙናም ደብዛዋ ጠፋ። ለካ የኩባንያው ሠራተኛ የነበሩ ሰው ቤት ወስደዋት ኖሯል፤ የዚያች ሚስት አያት።

በ1966 ታይዋን ገባ፤ ታይፔ አጠገብ ያንግሚንግ ተራራ ላይ ቤት ሠራ። ሰባ ዓመት አልፎታል። ያኔ ነው የቆየ ሕልሙን ያነሳው፦ መዝገበ ቃላት። ከጦርነቱ በፊት አንድ ግዙፍ የቻይንኛ መዝገበ ቃላት ጀምሮ አብዛኛው ረቂቅ በጦርነቱ ወድሞበታል። አሁን የሚፈልገው ቻይንኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዋና መጽሐፍ ማቲውስ የተባለ ሚሲዮናዊ በ1931 ሻንጋይ ያሳተመው ነበር፤ አርጅቷል። ሊን ያተኮረው ሰው በአፉ በሚናገረው ቃልና ፈሊጥ ላይ ነው፦ ይሄ አባባል መቼ ይባላል፣ ስድብ ነው ወይስ ፍቅር፣ እንግሊዛዊው በዚህ ቦታ ምን ይል ነበር። ሊውሊቻንግ አፍሮ የለቀመው ሁሉ እዚህ መጣ። የፊደሎቹ አፈላለግ ደግሞ ከማሽኑ የተወሰደ ነው፤ የላይና የታች ቅርፅ። ወጪውን የሆንግ ኮንግ ቻይንኛ ዩኒቨርሲቲ ደገፈ።

ሥራው መሀል ላይ፣ በ1971 መጀመሪያ፣ የመጀመሪያ ልጁ አዴት በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች። እሷም እንደ አባቷ ተርጓሚና ጸሐፊ ነበረች። በሠርጉ የሳቀ፣ በወረቀቱ የቀለደ ሰው ያኔ ዝም አለ። የቀልድ ሊቅ ለዚህ የሚሆን ቃል በየትኛውም ቋንቋ አልነበረውም። ግን ከጠረጴዛው አልተነሳም። በ1972 መዝገበ ቃላቱ ከሺህ ገጽ በላይ ሆኖ ታተመ።

ማርች 26 ቀን 1976 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሞተ፤ 80 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ወደ ታይዋን ተወስዶ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀበረ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ማሽኑስ? የቻይንኛ ታይፕራይተር ታሪክ ላይ ለዓመታት የሠራው የስታንፎርዱ የታሪክ ምሁር ቶማስ መላኒ የፌስቡኩ ወሬ ደረሰው። በ2025 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ማሽኑን ተረከበ። አሁን ተመራማሪዎች እንዴት እንደሚሠራ እያጠኑት ነው።